ኤልደን ሪንግ፦ የቱን ብቻችሁን፣ የቱን ከጓደኛ ጋር?

«ኤልደን ሪንግን ልጀምር ነው፤ ብቻዬን ልግባበት ወይስ ከጓደኞቼ ጋር?» ስለ ኤልደን ሪንግ ቪዲዮ ጌም ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ ሁሌም ያው ስለሆነ አንዴ ዘርዝሬ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህን እልካለሁ።

አጭሩ መልስ፦ መንገዱን ብቻችሁን ሂዱ፤ ጓደኛ የምትጠሩት ቦሱ (የአካባቢው ዋና ጠላት) በር ላይ ስትደርሱ ነው።

ለምን? አብሮ መጫወት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሁለት ሦስት ሆኖ ጀምሮ፣ አብሮ ዞሮ፣ አብሮ መጨረስን ነው። እዚህ ጌም ላይ እንደዚያ የለም። ዓለሙ የጋባዡ ነው፣ የተጠራው ጓደኛ እንግዳ ነው። ቦሱ ሲሞት እንግዳው ወዲያው ወደ ራሱ ዓለም ይመለሳል። እዚያ ያው ቦስ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጋባዡ የነካው ግሬስም (የማረፊያና የመመለሻ ቦታው) ለእንግዳው አይቆጠርለትም። ይህን ሳያውቁ የጀመሩ ጓደኛሞች ናቸው በሁለተኛው ቀን ተኮራርፈው ጌሙን የሚተዉት።

ስለዚህ መመሪያው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ሁለተኛው ስትጠራሩ። ሁለተኛውን ብቻ ለማንበብ ዘላችሁ የምትሄዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ግን ጓደኛ ጠርቶ መሸነፍም አለ፣ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከጌሙ ውጪ፦

- ከጓደኞቻችሁ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ። ፕሌይስቴሽን 4 ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር ይገናኛል። ኤክስቦክስ ዋንም ከአዲሶቹ ኤክስቦክሶች ጋር ይገናኛል። ፒሲ ግን ከፒሲ ጋር ብቻ ነው። አንዱ ፒሲ፣ ሌላው ፕሌይስቴሽን ካለው በጭራሽ አትገናኙም፤ ጌሙን ከመግዛታችሁ በፊት ተጠያየቁ።
- ኮንሶል ላይ ከሆናችሁ ኦንላይን ለመጫወት የሚያስፈልገው የደንበኝነት ክፍያ (ፕሌይስቴሽን ፕላስ፣ ወይም የኤክስቦክሱ አቻ)። ፒሲ ላይ አያስፈልግም። ብቻውን ለሚጫወት ደግሞ ኢንተርኔትም ግድ አይደለም።
- ኮንትሮለር። ኪቦርድና ማውስ ይሠራል፣ ግን ጣታችሁን ያሰቃየዋል።
- የሚቻል ከሆነ የኢንተርኔት ኬብል። ዋይፋይ ሲቆራረጥ ቦሱ እናንተ ስክሪን ላይ አንድ ቦታ፣ ጓደኛችሁ ስክሪን ላይ ሌላ ቦታ ይቆማል።
- የምትነጋገሩበት ነገር፦ ዲስኮርድ፣ የኮንሶሉ ፓርቲ፣ ስልክም ይበቃል።

ጌሙ ውስጥ ደግሞ እነዚህን ያዙ፦

- ታርኒሽድስ ፈርልድ ፊንገር። እንግዳ የሚሆነው ሰው የሚጠራበትን የወርቅ ምልክት መሬት ላይ የሚያስቀምጥበት። ገና ሲጀመር፣ ወደ ሜዳው ከመውጣታችሁ በፊት ያለው ዋሻ ውስጥ አስከሬን ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ሳያነሳው ይወጣል።
- ፈርልኮሊንግ ፊንገር ሬመዲ። ጋባዡ የሌሎችን ምልክት ለማየት የሚጠቀመው። ከ2 ኤርድሊፍ ፍላወር ይሠራል።
- ክራፍቲንግ ኪት። ሬመዲውን ለመሥራት ግድ ነው። ቸርች ኦፍ ኤሌህ የተቀመጠው ነጋዴ ካሌ በ300 ሩን (የጌሙ ገንዘብ፣ ሌቭልም የሚጨመርበት) ይሸጠዋል። መጀመሪያ የምትገዙት ዕቃ ይሄ ይሁን።

ክፍል አንድ፦ ብቻችሁን

1. ስትጀምሩ ስህተት የሚችል ካራክተር ምረጡ።

ጌሙ ላይ «ቀላል» የሚባል ምርጫ የለም። የችግሩን መጠን የምትወስኑት በምትመርጡት ካራክተርና መሣሪያ ነው። ለጀማሪ ሁለት እመክራለሁ። ቫጋቦንድ ጋሻና ብዙ ላይፍ ይዞ ይነሳል። ሳሙራይ ጥሩ ጎራዴና ቀስት አለው፤ ቀስቱ አንዱን ጠላት ከቡድኑ ነጥሎ ለመሳብ ይጠቅማል። ገና ሳይጀምር ከምትወስዱት ስጦታ ውስጥ ጎልደን ሲድን ምረጡ። አንድ ተጨማሪ ፍላስክ (ላይፍ የሚመልስ መጠጥ) ማለት አንድ ተጨማሪ ስህተት ማለት ነው።

ሬች የሚባለው ራቁቱን የሚነሳ አለላችሁ። ጓደኛችሁ «እሱን ያዝ፣ ይደላል» ካላችሁ እየቀለደባችሁ ነው።

2. የወርቁን ፈረሰኛ እለፉት።

ከዋሻው ወጥታችሁ ሜዳውን ስታዩ ፊት ለፊታችሁ በፈረስ የሚንጎራደድ ወርቃማ ጦረኛ አለ፤ ትሪ ሴንቲኔል ይባላል። አሁን የእናንተ እኩያ አይደለም። ጌሙ እዚያ ያስቀመጠው አንድ ነገር ሊያስተምራችሁ ነው፦ ያልቻላችሁትን ትታችሁ መሄድ ይፈቀዳል። በጎን ዞራችሁ ወደ ቸርች ኦፍ ኤሌህ ሂዱ። ሲመቻችሁ ትመለሱበታላችሁ።

3. ፈረሱንና ደወሉን ያዙ።

ሊምግሬቭ ሜዳ ላይ ያሉትን ግሬሶች እየነካችሁ ጌትፍሮንት እስክትደርሱ ሂዱ። ሜሊና የምትባል ልጅ ትመጣለች። ሌቭል መጨመር የምትጀምሩት ከእሷ በኋላ ነው፤ ቶረንት የሚባለውን ፈረስም የምትሰጣችሁ እሷ ናት። ከዚያ ወደ ቸርች ኦፍ ኤሌህ ተመለሱ። ሬና የምትባል ትልቅ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ግንብ ላይ ተቀምጣ ካያችሁ አናግሯት፤ የመናፍስት መጥሪያ ደወልና የሦስት ተኩላዎች አሽ (በደወሉ የሚጠራ ረዳት መንፈስ) ትሰጣችኋለች።

ይህ ደወል ብቻውን ለሚጫወት ሰው ጓደኛው ነው። ተኩላዎቹ ቦሱን አይገድሉላችሁም። የሚሠሩት ቦሱ ፊቱን እንዲያዞር ማድረግ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ፍላስክ ትጠጣላችሁ ወይ ከኋላ ትመታላችሁ። «አሽ መጠቀም ማጭበርበር ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ጌሙ ውስጥ የተቀመጠው እንድትጠቀሙበት ነው።

4. ወደ ግንቡ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ደቡብ ውረዱ።

የወርቁ የመንገድ ጨረር ወደ ስቶርምቬይል ግንብ ይመራችኋል። ጀማሪ ሁሉ ተከትሎት ይሄድና በሩ ላይ ማርጊት የሚባለው ቦስ ይጨፈጭፈዋል። ቀስ በሉ። መጀመሪያ ሊምግሬቭን ዙሩ፣ ቀጥሎ በስተደቡብ ወዳለው ዊፒንግ ፔኒንሱላ ውረዱ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦

ሴክረድ ቲር። ፍላስካችሁ የሚመልሰውን የላይፍ መጠን ይጨምራል። ቤተክርስቲያን ፍርስራሾች ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ሊምግሬቭ ውስጥ ሰርድ ቸርች ኦፍ ማሪካ ላይ አንድ፣ ዊፒንግ ፔኒንሱላ ላይ ደግሞ ሦስት አለ።

ስሚዚንግ ስቶን። መሣሪያችሁን እስከ ፕላስ 3 ለማድረስ የመጀመሪያው ደረጃ ድንጋይ 12 ያስፈልጋል (2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 6)። ሊምግሬቭ ተነልስ የሚባለው ማዕድን ማውጫ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ቸርች ኦፍ ኤሌህ ያለው ጠረጴዛ ላይ ራሳችሁ ታሳድጉታላችሁ።

ሩን። ይህንን መጀመሪያ ቪገር (የላይፍ መጠናችሁ) ላይ አፍሱት። ጀማሪ ሁሉ ጉልበት ላይ ያፈስና በሁለት ምት ይሞታል። በሁለት ምት የሚሞት ሰው ምንም አይማርም፤ ሦስተኛውን ምት ሳያየው ነዋ። ማርጊት ጋ ስትደርሱ ቪገራችሁ 20 አካባቢ ቢሆን እፎይ ትላላችሁ።

5. ክብደታችሁን ተመልከቱ።

የመሣሪያ ገጹ ላይ ክብደታችሁ ምን ያህል እንደሆነ ይጻፋል። ከአቅማችሁ 70 በመቶ በታች ሁኑ። ከዚያ ካለፈ ሮል (ከምት ለማምለጥ መንከባለል) ስታደርጉ እንደ ጆንያ ትወድቃላችሁ፣ ለመነሳትም ትዘገያላችሁ። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ሮሉ ይፈጥናል፣ ይርቃልም፤ ግን ለዚያ ብላችሁ ሁሉንም ልብስ አታውልቁ። ያማረ ጥሩር አግኝታችሁ ለመልበስ ከጓጓችሁ ኢንዱራንስ (ክብደት የመሸከም አቅም) ጨምሩ።

6. ቦሱን ከመግደላችሁ በፊት አጥኑት።

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ለመግደል አትግቡ። ግቡና አትምቱ። ዝም ብላችሁ ዙሩት፣ አምልጡ፣ ተመልከቱ። ከመግባታችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ሩን ሌቭል ላይ ወይም ዕቃ ላይ ጨርሱት፤ የሚጠፋ ነገር ከሌላችሁ መሞት አያናድድም።

ማርጊትን እንውሰድ። በትሩን ከፍ አድርጎ ያነሳል። እጃችሁ ወዲያው ሮል ማድረግ ይፈልጋል። እሱ ግን በትሩን አየር ላይ እንደያዘ ይቆያል። እናንተ ተንከባልላችሁ ስትነሱ ያኔ ያወርደዋል። ሆን ተብሎ የተሠራው የደነገጠ ሰውን ለመያዝ ነው። ስለዚህ የምታዩት በትሩ ሲነሳ ሳይሆን መውረድ ሲጀምር ነው። ሁለተኛ ነገር፦ ራቅ ብላችሁ ፍላስክ ስትጠጡ የብርሃን ጩቤ ይወረውርባችኋል። ርቀት ያድናል ብላችሁ አትሸወዱ። ፍላስክ የሚጠጣው ረጅሙን ምቱን ከጨረሰ በኋላ፣ እጁ ገና ሲመለስ ነው።

አንድ ትንሽ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ሮል የሚሆነው ቁልፉን ስትጫኑ ሳይሆን ስትለቁ ነው። ያው ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ ሩጫ ስለሆነ ጌሙ እስክትለቁት ይጠብቃል። «ጊዜው ላይ ነው የተጫንኩት፣ ለምን መታኝ?» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ይዞ የቆየ ነው። ንክት አድርጋችሁ ልቀቁ።

አምስት ስድስት ዓይነት ምቶቹን ስትለዩ ያኔ መምታት ጀምሩ። አንዴ ምቱና ውጡ። ሁለተኛዋ ምት ናት ሁሌም የምታስገድለው።

7. ካቃታችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ጥሩ።

ብዙ ጊዜ ሞክራችሁ የቦሱን ግማሽ እንኳ ካላወረዳችሁ ችግሩ እጃችሁ አይደለም፣ መሣሪያችሁና ቪገራችሁ ነው። ዞር ብላችሁ አጠናክራችሁ ተመለሱ። ግማሹን እያወረዳችሁ መጨረሻው ላይ ከሆነ የምትሞቱት ግን፣ አሁን ጓደኛ የመጥሪያው ሰዓት ነው። ምቶቹን አውቃችኋል፤ የጎደላችሁ ትንሽ ፋታ ነው።

ከጓደኛ በፊት ግን መሬቱን ተመልከቱ። አንዳንድ ቦሶች በር ላይ ጌሙ ራሱ ያስቀመጠው የወርቅ ምልክት አለ። ማርጊት በር ላይ ሮጂየር፣ ቀጥሎ ያለው ጎድሪክ በር ላይ ኔፌሊ ሉ። እነዚህን ለመጥራት ሬመዲም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ከእነሱ ጋር አሽም መጠቀም ይፈቀዳል።

ክፍል ሁለት፦ ከጓደኛ ጋር

ከመጥራታችሁ በፊት የምታጡትን እወቁ። የሰው ጓደኛ ሲገባ አሽ መጥራት ይከለከላል። ቶረንት ላይ መውጣት አይቻልም። ግሬስ ላይ ማረፍና በካርታ መብረርም እንደዚሁ። የቦሱ ላይፍ ይጨምራል። የእንግዳው ፍላስክ በግማሽ ይቀነሳል። ሌላ ተጫዋች ወርሮ ሊገባባችሁ ይችላል፤ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ራሳችሁ ካልጋበዛችሁት በቀር፣ ይህ አይደርስባችሁም። ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፣ ግን በነፃ አይደለም።

8. አንድ ፓስወርድ ተስማሙ።

ከመልቲፕሌየር ገጹ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ፓስወርድ ጻፉ። እስከ 8 ፊደል ይቀበላል። ፓስወርዱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ከማታውቁት ሰው ምልክት መሀል የጓደኛችሁን ይለያል። ሁለተኛው ይበልጣል፦ የሌቭል ገደቡን ያነሳል። ያለ ፓስወርድ ጌሙ የሚያገናኘው ሌቭላቸውና መሣሪያቸው የተቀራረበ ሰዎችን ነው። መሣሪያ ሲባል ደግሞ አሁን የያዛችሁት አይደለም፣ እስከ ዛሬ ካሳደጋችሁት ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ ብትጥሉትም ይቆጠራል። ፓስወርድ ካለ ግን ጠንካራው ሰው ወደ ደካማው አቅም ዝቅ ተደርጎ ይገባል።

የቡድን ፓስወርድ የሚል ሌላ ቦታም አለ። እሱ የቡድን አባላት መልእክትና የሞት ምልክት ጎልቶ እንዲታያችሁ ነው። እዚያ ጽፋችሁ «አልሠራም» አትበሉ።

9. ሁላችሁም በእግራችሁ አንድ ቦታ ድረሱ።

እንግዳው ምልክቱን ቦሱ በር ላይ ለማስቀመጥ በራሱ ዓለም እዚያ በር ድረስ መጥቶ መሆን አለበት። መንገዱን ብቻችሁን ሂዱ ያልኩበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። «እሁድ ማታ ሁላችንም ጎድሪክ በር ላይ እንገናኝ» ብላችሁ ተቀጣጠሩና በየፊናችሁ ሂዱ። ዕቃውንም፣ ግሬሱንም፣ ሩኑንም እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ ትሰበስባላችሁ። በመንገድ ላይ እያወራችሁ ብትሄዱ ደግሞ ብቻ የመሆን ስሜት የለውም፤ አንዱ «ኧረ ይሄ አይጥ ገደለኝ» ሲል ሌላው ይስቃል።

እንግዳው ያንን ቦስ ቀድሞ ገድሎት ከሆነ ችግር የለም፣ መርዳት ይችላል። ጋባዡ ገድሎት ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ሰው መጥራት አይችልም።

10. ምልክት አስቀምጡ፣ ጥሩ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ. እንግዳው በሩ አጠገብ ቆሞ ፈርልድ ፊንገሩን ይጠቀማል። መሬቱ ላይ የወርቅ ጽሑፍ ይበራል። አይንቀሳቀስ።

ለ. ጋባዡ ያው ቦታ ላይ ቆሞ ሬመዲውን ይጠቀማል።

ሐ. ምልክቱ እስኪታይ ጋባዡ ትንሽ ይጠብቃል። አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

መ. ጋባዡ ምልክቱን ነክቶ ይጠራል። ቢበዛ ሁለት እንግዳ ነው፤ ሦስት ሆናችሁ ማለት ነው።

ጋባዡ ከሞተ እንግዶቹ ሁሉ ይመለሳሉ፣ ለሚቀጥለው ሙከራም ሌላ ሬመዲ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጋባዡ አሥር አሥራ አምስት ሠርቶ ይቀመጥ። በየመንገዱ ያለውን ቢጫማ የኤርድሊፍ አበባ ሳትለቅሙ አትለፉ።

11. በሩን ከማለፋችሁ በፊት ሥራ ተከፋፈሉ።

ቦሱ በር ላይ ያለውን ጉም መጀመሪያ የሚያልፈው ጋባዡ ነው። እንግዶቹ የሚከተሉት ከእሱ በኋላ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ጋባዡ ብቻውን ያሳልፋል። ገብቶ እንዳይማታ። ወደ ጎን ይሩጥና ይጠብቃቸው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ አንድ ነው፦ ቦሱ ያየው ሰው አይመታም። ቦሱ ወደ እናንተ ከዞረ ሥራችሁ መትረፍና ጀርባውን ለጓደኞቻችሁ መስጠት ነው። ወደ ሌላው ሲዞር ያኔ ትጠጣላችሁ፣ ትመታላችሁ። ሦስት ሰው በአንዴ ተጠግቶ ሲደበድብ ቦሱ አንድ ሰፊ ምት ያዞርና ሦስቱንም ያነጥፋቸዋል። አንዱ ቅርብ፣ አንዱ በጎን፣ አንዱ በቀስት ወይም በአስማት ከሩቅ ብትሆኑ ይሻላል።

ቦሱ ዞሮ እንደሚመጣ የሚያዩት እንግዶቹ ናቸው፣ እነሱም ይናገሩ። «ወደ አንተ ዞረ!» የምትል አንዲት ቃል ከብዙ ምክር ትበልጣለች። ከሁላችሁ አንዱ ፌይዝ (ጸሎት ለመጠቀም የሚያስፈልገው አቅም) ካለው ሂል የሚባለውን ጸሎት ይያዝ፤ ራሱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትንም ያክማል።

የመጨረሻው ነገር፦ መትረፍ ያለበት ጋባዡ ነው። እንግዳ ቢሞት ውጊያው ይቀጥላል። ጋባዡ ከሞተ ሁሉም ያበቃል፣ ቦሱ አንዲት ምት ቀርታው ቢሆንም እንኳ። ጋባዥ ሆይ፣ ጀግንነቱን ለእንግዶቹ ተውላቸው።

12. ጋባዥ ተቀያየሩ።

ቦሱ ሲሞት ወዲያው ወደ ቀጣዩ ሰው ዓለም ተሻገሩ። ሁለት ከሆናችሁ አንድን ቦስ ሁለቴ፣ ሦስት ከሆናችሁ ሦስቴ ትገድላላችሁ። አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ግን ሁለተኛው ዙር ሁልጊዜ ይፈጥናል፣ እንግዳውም ለእርዳታው ሩን አርክ ያገኛል። ሩን አርክ ማለት ከጎድሪክ የምታገኙትን ግሬት ሩን የሚያበራው ዕቃ ነው፤ ሲበራ ሁሉም አቅማችሁ በ5 ይጨምራል፣ ስትሞቱ ይጠፋል። ስለዚህ ረዳት መሆን ለራሳችሁ ቦስም ስንቅ ነው። ከጨዋታው በፊት «መጀመሪያ የማን ዓለም?» ብላችሁ ተነጋገሩ። መጨረሻ ላይ የተመደበው ሰው ሌሎቹ «እንቅልፌ መጣ» ሲሉ ብቻውን ይቀራል። ዛሬ መጨረሻ የነበረው ነገ መጀመሪያ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ

ጠንካራ ጓደኛ። ጌሙን የጨረሰ ጓደኛችሁ አቅሙ ዝቅ ቢደረግም ቦሱን ያለ እናንተ ይጨርሰዋል። ደስ ይላችኋል። ከዚያ የሚቀጥለው አካባቢ ትገባላችሁ፣ ጠላቱ ሁሉ ከእናንተ በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ምክንያቱም የመጣችሁት በሰው ትከሻ ነው። እንደዚህ ዓይነት ጓደኛ ካላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ቦሱን ይሳብ እንጂ አይምታ።

ወራሪ። ከእንግዳ ጋር ስትዘዋወሩ ወራሪ ከመጣ ጋባዡን ነው የሚፈልገው። ጋባዡ ወደ ኋላ፣ እንግዶቹ ወደ ፊት። ወራሪውን እያሳደዳችሁ ጠላት መሀል አትግቡ፣ እሱ የሚፈልገው ያንን ነው። ፓስወርድ ከወራሪ አያድንም። የቦሱን ጉም ካለፋችሁ ግን ከወራሪ ነፃ ናችሁ፤ በር ላይ ተጠራሩ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ሰው ሲበዛ የሚከፉ ቦሶች። ማሌኒያ የምትባለው በመታች ቁጥር ላይፏን ትመልሳለች፣ ጋሻ ላይ ብትመታም። ምቷን የማያውቁ ሁለት እንግዶች ማለት ለእሷ ሁለት ፍላስክ ማለት ነው። እሷን ወይ ብቻችሁን አጥኑ፣ ወይ የሚያውቃትን ሰው ብቻ ጥሩ። በተቃራኒው ጎድስኪን ዱዎ ሁለት ሆነው ስለሚመጡ ጓደኛ እጅግ የሚጠቅመው እዚያ ነው፤ አንዱን አንዱ ይዞ ያርቀዋል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉን ነገር አብሮ ለማድረግ መሞከር። በየጥቂቱ ጉም መንገድ ይዘጋባችኋል፣ ፈረስ የለም፣ ግሬስ የለም። ጨጓራ ይልጣል።
- ሩን ተሸክሞ ቦስ ጋ መግባት። ስትሞቱ የሞታችሁበት ቦታ ይቀራል። ሄዳችሁ ሳታነሱት ድጋሚ ከሞታችሁ ለዘላለም ይጠፋል።
- እንግዳ የሚሆነው ሰው ራሱ ሬመዲ መጠቀሙ። ሬመዲ የጋባዡ ነው። እንግዳው ፊንገሩን ብቻ ይጠቀም።
- ጓደኛ ከገባ በኋላ «አሽ ለምን አልሠራም?» ማለት። ተከልክሎ ነው፣ አልተበላሸም።
- ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቅርብ ተዋጊ መሆን።
- የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ መናገር። ጓደኛችሁ ጥግ ላይ ተደብቆ የሚጠብቀውን ጠላት ራሱ ይገናኘው። ያ ድንጋጤ የጌሙ ግማሽ ነው።

ምልክቱ አልታይ ካለ

በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ። ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው አያልፍም።

1. ሁለታችሁም ኦንላይን ናችሁ? ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ላይ ኦፍላይን የሚል ተመርጦ ከሆነ ቀይሩና ጌሙን ዘግታችሁ ክፈቱ።
2. ፓስወርዱ ፊደል በፊደል አንድ ነው? ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ መጨረሻ ላይ የገባ ባዶ ቦታ ሁሉ ይቆጠራል። አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።
3. በትክክል አንድ ቦታ ናችሁ? ግንቡ አንድ ቢሆንም በላይኛውና በታችኛው ፎቅ መሀል ምልክት አይተላለፍም። የሁለታችሁንም ስክሪን ፎቶ ተላላኩ።
4. ጋባዡ ቦሱን ገድሎታል? ከገደለ እዚያ አይቻልም።
5. የምትኖሩት የተለያየ አህጉር ላይ ከሆነ ኔትወርክ ሴቲንግ ላይ ክሮስ-ሪጅን ፕሌይን ክፈቱ።
6. እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሻዶ ኦፍ ዘ ኤርድትሪ አካባቢ ውስጥ ከሆናችሁ ሁለታችሁም ልትገዙት ይገባል።
7. ምልክቱ ታይቶ ስትጠሩት «መጥራት አልተቻለም» ካለ እንግዳው ምልክቱን አጥፍቶ እንደገና ያስቀምጥ።

«አይ፣ እኛ ሙሉውን አብረን ነው የምንፈልገው» ካላችሁ

ፒሲ ላይ ከሆናችሁ ሲምለስ ኮ-ኦፕ የሚባል ሞድ አለ። ቦስ ከሞተ በኋላ ማንም አይመለስም፣ ፈረስም ይሠራል፣ ግሬሱም የሁላችሁ ይሆናል። የጌሙ ኩባንያ ያወጣው አይደለም፣ በተጫዋች የተሠራ ነው። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሰቩ (እስካሁን የተጫወታችሁት የሚቀመጥበት) ከመደበኛው የተለየ ፋይል ነው፤ ግን ከመጫናችሁ በፊት የድሮ ሰቫችሁን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ሞዱን ሁልጊዜ በራሱ ማስጀመሪያ ክፈቱት። ሞድ የተነካካ ጌም ይዞ ወደ መደበኛው ኦንላይን መግባት ሊያሳግዳችሁ ይችላል። ሁላችሁም አንድ ዓይነት የሞዱን ቨርዥን ጫኑ፣ ጌሙ አፕዴት ባደረገ ቁጥርም ሞዱ እስኪስተካከል ጠብቁ።

ኮንሶል ላይ ከሆናችሁ ይህ አማራጭ የለም። አብሮ መጀመርና አብሮ መጨረስ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኤልደን ሪንግ ናይትሬይን ለሦስት ሰው ታስቦ የተሠራ ነው፤ አንድ ዙር በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ሁለት ብቻ ከሆናችሁም ጌሙን አፕዴት አድርጉት፤ የሁለት ሰው ምርጫ የተጨመረው ከወጣ በኋላ ነው።